ምድጃው አጠገብ ያለው አግዳሚ

ኦርፌሊና ሲስቴርናስን ጉልበቷ ማስቸገር ከጀመረ ቆይቷል፤ ከጉልበቷ ቀድሞ የደከመው ግን ልቧ ነው። በባሕር ዳሯ የከሰል ከተማ በሎታ፣ ዳገት ላይ ባለችው ቆርቆሮ ለበስ ቤተ ክርስቲያን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወጣቶችን ይዛለች። ይዛለች ስል መያዝ ነው፤ ቅዳሜ ታስተምራቸዋለች፣ ማክሰኞ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ትጠይቃቸዋለች፣ የቀሩ እንደሆነ ደግሞ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ትሮጣለች። አንዱን ልጅ አንገትጌውን ይዛ ከመጠጥ ቤት ያወጣችበት ቀን አለ። ያ ልጅ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ አሁንም ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይሻገራል።

መጽሐፍ ቅዱሷ የኋላ ገጽ ላይ የሃያ ልጆች ስም ተጽፏል። ከሃያው እሁድ እሁድ አግዳሚው ላይ የሚገኙት ሦስት ናቸው። አንዱ የሚመጣው ለማንዶሊኑ ነው። አንዷ የምትመጣው ማንዶሊኑን ለሚጫወተው ልጅ ነው። ሦስተኛዋ፣ የዝርዝሩ ሃያኛ ስም፣ ያስና ናት። ሌሎቹ ወደ ሰሜን መዳብ ሊቆፍሩ ሄዱ፣ አገቡ፣ ሰከሩ፣ ወይም እንዲሁ ቀሩ። አንጀቷን የሚያቃጥሏት እንዲሁ የቀሩት ናቸው፤ ምን እንዳጠፋች እንኳ አልነገሯትም።

«የኛ ሥራ መትከል ነው፤ የሚያሳድገው እግዚአብሔር ነው» ትላለች ልጆቹን። አፏ ይበል እንጂ እጇ አያምንም። ችግኝ ተክሎ በየማለዳው ሥር ሰደደ ወይ እያለ የሚነቅል ሰው ካያችሁ፣ እሱ የኦርፌሊና ዘመድ ነው።

ያስና የመጣችው ከሁለት ክረምት በፊት ነው። ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ቆርቆሮ የምታሽግ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድባት፣ አውቶቡሱም ሳይመጣላት ሲቀር፣ የተከፈተ በር አየችና ገባች። እንጨት ምድጃው አጠገብ ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና እንቅልፍ ወሰዳት። ጊታሩ፣ አኮርዲዮኑ፣ የፓስተር ቤላርሚኖ ጩኸት፣ አንዱም አልቀሰቀሳት። በረኛው አብዶን ሪፎ ሥራው በር መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ የሚያንጎላጅ ሰው ሲያይ ትከሻውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ያነቃል። አሮጊት አይምርም። ያን ቀን ግን ያስናን ዝም አላት። ጉባኤው ሲበተን ነቃች፣ ዓይኗን አሸች፣ ሄደች። በሳምንቱ በራሷ እግር ተመልሳ መጣች።

በቤተ ክርስቲያኗ ልማድ እሁድ ከጉባኤ በፊት ምእመኑ ሁሉ ጊታሩን አንግቶ መንገድ ዳር ይወጣል። ቦታው ዳቦ በመስኮት የምትሸጠው የኤልሲራ ኔይራ ቤት ጥግ ነው። እዚያ እየዘመሩ፣ በየመሃሉ አንድ ሰው ወጥቶ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይመሰክራል፤ ሲጨርስ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ «ክብር ለእግዚአብሔር!» ይላል። የሰፈሩ ሰው ካኑቶ እያለ ይሰድባቸዋል፤ መንገድ ላይ እየዘመረ ለሚሰብክ አማኝ የወጣ የፌዝ ስም ነው። «ካኑቶዎቹ መጡ! ቴሌቪዥኑን ድምፁን ጨምሩት!» ይላል አንዱ ከሰገነት። ለምደውታል።

ያስና የመጀመሪያ ምስክርነቷን የሰጠችው እዚያ ጥግ ላይ፣ የዛሬ ስድስት ወር ነው።

«እኔ ዝናብ መታኝ» አለች፣ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት። «ገባሁ። ምድጃው ጋ ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ቤታችን ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀሰቅሰኛል፤ ወይ በጩኸት፣ ወይ በእግሩ። ስነቃ የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም። እግዚአብሔር እንዲህ ሊሆን ይችላል ብዬ ተመለስኩ። አለቀ።»

«እኔም ስብከት ስሰማ እንቅልፌ ነው የሚመጣው፣ እህቴ!» አለ ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰካራም። «ድኛለሁ ማለት ነው?»

መንገዱ ሳቀ። ወንድሞች ሳቁ። ፓስተሩ እንኳ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሦስቱ ክብር ሳስቶ ወጣ። የያስና ጆሮ ቀላ፤ ኦርፌሊናም ያንን ጆሮ አየች። ይቺም ልትሄድ ነው፣ ሃያኛዋም ልትቀር ነው አለች በልቧ።

ማክሰኞ ቤቷ ጠራቻት። ሶፓይፒያ ጠበሰችላት፤ ዱባ ያለበት ሊጥ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ እሱን ያልጠበሰ ሰው የሎታ ሰው አይደለም። ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በየተራ እየጠጡ ኦርፌሊና ጥያቄ ጀመረች።

«ያን ቀን አውቶቡሱን የጠበቅሽው የት ነው?»

«ድልድዩ ጋ ነዋ።»

«ባሕሩ ላይ የተዘረጋው፣ አሮጌው የከሰል መጫኛ።»

«አዎ፣ እህት ኦርፌሊና። ሌላ ድልድይ አለን እንዴ?»

«አዝነሽ ነበር?»

«በስብሼ ነበር።»

«በስብሰሽም አዝነሽም ነበር። እናትሽ በዚያ ሳምንት አልጠጣችም?»

«እሷ የማትጠጣበት ሳምንት የቱ ነው?»

«ስለዚህ መኖር አስጠልቶሻል። ወደ ድልድዩ የሄድሽው ለአውቶቡስ ብቻ አልነበረም።»

ያስና ማኘኳን አቁማ አየቻት። «እንደዚያ ይባላል?»

«ሰው የሚሰማው እንደዚያ ሲባል ነው» አለች ኦርፌሊና።

እውነቱን ለመናገር፣ ዋሸሁ ብላ አላሰበችም። ያጠረ ቀሚስ ልኩን እንደማስያዝ ነው የቆጠረችው። ልጅቷ ደግሞ የምታከብራት ሴት እንዲህ ይሻላል ካለቻት ምን ትበል? እሺ አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ያስና እንደተባለችው ስትመሰክር ባለ ባርኔጣው ሰካራም ባርኔጣውን አወለቀ። ሴቶች አለቀሱ። ሦስቱ ክብር ቆርቆሮ አንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲያ ያስናን የኮሮኔል ከተማ ምእመናን ጠሯት፣ የአራውኮ ከተማ ምእመናን ጠሯት። ኮሮኔል ላይ ስትመሰክር ድልድዩ ጫፍ ቆማ ድምፅ ሰማች። አራውኮ ላይ ድምፁ በስሟ ጠራት፤ «ያስና፣ ተመለሺ» አላት። ድምፁ የኦርፌሊና ፈጠራ አይደለም፤ ልጅቷ ራሷ ናት የጨመረችው፣ ሰው ሲያለቅስላት ጣፍጧት። ኦርፌሊና ግን ከፊት አግዳሚ ተቀምጣ ሰማች፣ አልከለከለችም። ልጅቷ አልቀረችማ! ስድስት ወር ሙሉ አንድ እሁድ አልቀረችም። አሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗ የምሥረታ በዓል ደርሷል፤ አሥራ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች ይመጣሉ፣ የአካባቢው ሬዲዮ ያስተላልፋል፣ ምስክሯ ያስና ናት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኦርፌሊና እያደር ከበደ፤ ሸክሙን ያየችው ግን ከበዓሉ በፊት ባለው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ያስና ከፋብሪካ በቀጥታ መጣች፤ የጎማ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ተቀመጪ ብትላት አልተቀመጠችም።

«እሁድ አልናገርም።»

«ምነው፣ ፈራሽ? ሬዲዮ እኮ ማለት...»

«እማማ ኤልሲራ ፋብሪካው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።»

ኦርፌሊና የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። የኤልሲራ ልጅ ዳጎቤርቶ ከአራት ዓመት በፊት ከዚያ ድልድይ ላይ ነው የጠፋው። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። እና ያ ሁሉ ምስክርነት፣ ያ ሁሉ ድልድይና ድምፅ፣ በየእሁዱ ከኤልሲራ የዳቦ መስኮት ሥር ነበር የሚጮኸው። ይህ ነገር አንድም ቀን አልታሰባትም። የራሷን ሃያ ልጅ ስትቆጥር የሰው አንድ ልጅ አመለጣት።

«ተቆጡሽ?»

«ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዙ። ‹ልጄ፣ ድምፁ ምን ዓይነት ነው?› አሉኝ። ‹የኔም ልጅ እዚያው ነው የቆመው። አንቺን በስምሽ ሲጠራሽ፣ እሱን ለምን ዝም አለው? ምን ቢያጠፋ ነው?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አውቶቡሴ መጣ ብዬ ሮጥኩ። አውቶቡሱ አልመጣም ነበር።»

ልጅቷ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እህት ኦርፌሊና፣ የቱ የኔ እንደሆነ ጠፍቶኛል። ምድጃው ጋ መተኛቴም እውነት ይሁን እንጃ። ያኔ ሲስቁብኝ እርስዎም አፍረውብኝ ነበር፣ አይደል? የኔዋ ታሪክ ትንሽ ሆናብዎት።»

«ልጄ፣ ቁጭ በይ፣ እንጸልይ...»

«አይከተሉኝ» አለች ያስና በሩን ይዛ። «ሁልጊዜ ይከተላሉ። እባክዎ አሁን እንኳ አይከተሉኝ።»

ኦርፌሊና በልማዷ ካፖርቷን አነሳች፣ አንድ እጇን አጠለቀች፣ በሩ ድረስ ደረሰች። እዚያ ላይ ጉልበቷ እምቢ አላት። ወንበር ስባ፣ ካፖርቷ በአንድ ትከሻዋ እንደተንጠለጠለ ተቀመጠች። ጸሎት ስትጸልይ ቃል ያማረላት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ያላት ይህ ብቻ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ደከመኝ። ሥራህን የምሠራ መስሎኝ ለካ ወንበርህ ላይ ነው የተቀመጥኩት።» ከዚያ አለቀሰች፤ ለያስና ይሁን ለኤልሲራ ወይስ ለራሷ አልለየችውም።

በማግስቱ ኤልሲራ ቤት ሄደች። ኤልሲራ ክንዷ ድረስ ዱቄት ሆና ሊጥ ትቆርጣለች።

«ዳቦው ገና ነው» አለቻት ቀና ሳትል።

«ለዳቦ አይደለም የመጣሁት። ኤልሲራ፣ ያቺ ልጅ ድምፅ አልሰማችም።»

ቢላው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ድልድዩ ላይ አልወጣችም። አውቶቡስ ነበር የምትጠብቀው። ታሪኩን ያበጀሁት እኔ ነኝ። እሷ ልጅ ናት፣ እሺ ብላኝ ነው።»

ኦርፌሊና ጥፊ ጠበቀች። ቢመጣ አትከላከልም ነበር። ኤልሲራ ግን ቀስ ብላ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ስለዚህ እዚያ ላይ ማንንም አልጠራም» አለች።

«እሷን አልጠራም።»

«እሷን መርጦ የኔን አልተወም።»

«እሱን አላውቅም፣ ኤልሲራ። ስለ ዳጎቤርቶ የማውቀው ነገር የለም። የማውቀው እኔ መዋሸቴን ነው።»

«ስድስት ወር» አለች ኤልሲራ። «ስድስት ወር ሙሉ ሊጥ ባቦካሁ ቁጥር ልጄ ምን ቢያደርግ ነው ያልጠራው እላለሁ። ከሕፃንነቱ ጀምሬ ኃጢአት ፈለግሁበት። አንድ ጊዜ የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ መትቶ ነበር። እሱን ነው ያገኘሁት።» ፊቷን በዱቄታም እጇ ሸፍና አለቀሰች። ኦርፌሊና ልትነካት እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው።

ኤልሲራ ሲበቃት ተነሳች። «አሁን ውጪልኝ። ፊትሽን ማየት አልችልም። ቆይ፤» ከትናንቱ ዳቦ ሁለት አንስታ ዘረጋችላት። «ያዢ።»

«ኤልሲራ፣ እንዴት ብዬ...»

«ያዢ አልኩሽ! ከኔ ቤት ሰው ባዶ እጁን አይወጣም፣ አንቺም ብትሆኚ።»

ፓስተር ቤላርሚኖ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግን አሥራ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ጋብዟል።

«እህት ኦርፌሊና፣ ለበዓሉ ሁለት ቀን ቀርቶት? ከበዓሉ በኋላ ቀስ ብለን ብናየውስ?»

«ከበዓሉ በኋላ ሞቼ ቢሆንስ?»

«ጤነኛ ነዎት እኮ!»

«ጤናዬ አያስተማምንም።»

«ሰው ይሰናከላል፣ እህቴ።»

«የተሰናከለው ተሰናክሏል፣ ፓስተር። ትናንት ፋብሪካ በር ላይ፣ ዛሬ ዱቄት ጆንያ ላይ።»

እሁድ መንገድ ዳር ላይ፣ አሥራ ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች ከነጊታራቸው ተኮልኩለው፣ የሬዲዮው ሰው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቆሞ፣ ኦርፌሊና ወጣች። አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች። ድልድዩ ውሸት ነው፣ ድምፁ ውሸት ነው፣ ያበጀሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ የነገረችን እውነት ምድጃ አጠገብ መተኛቷን ነበር፣ እኔ እግዚአብሔርን እንዲህ ትንሽ ነገር አይሠራም ብዬ አፈርኩበት። ሦስቱ ክብር አልመጣም። አንድ ሰው ጀመረና ብቻውን ቀረ። ባለ ባርኔጣው ሰካራም ከደጃፉ ራሱን ነቀነቀ። «ይቺኛዋ እንኳ እውነት ትመስላለች» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። ኦርፌሊና ከልማዷ የተነሳ ጭንቅላት ቆጠረች። ያስና አልነበረችም።

ቅጣቷ በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ሦስት ወር ሆነ። ማስተማር የለም፣ ከመዘምራኑ ጋር መቆም የለም፣ የምትቀመጠውም የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው። ወጣቶቹን ለማንዶሊኑ ልጅ ሰጡት። በመጀመሪያው እሁድ ስትገባ አብዶን ሪፎ ብርድ ልብሱን ስቦ ቦታ ለቀቀላት።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አላት። «ይህ የኃጢአተኞችና የብርዳሞች ሰፈር ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ከፊት ነበር የምትቀመጠው፤ አንገቷን ወደ ኋላ እያዞረች ማን መጣ ማን ቀረ ስትል። ከኋላ የሚታየው ማጅራት ብቻ ነው። ማጅራት ደግሞ ማን ልቡ እንደሞቀ፣ ማን እንደቀዘቀዘ አይናገርም። መጀመሪያ አስጨነቃት። በሦስተኛው እሁድ ትንሽ አሳረፋት። ያስና በሦስቱም አልመጣችም። ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ኮንሴፕሲዮን ለሥራ ልትሄድ ነው ሲባል ሰማች፤ ማጣራት ፈልጋ ካፖርቷን ሁለት ጊዜ አንስታ ሁለቱንም ጊዜ መልሳ ሰቀለችው።

በአራተኛው እሁድ፣ ፓስተሩ ሲሰብክ፣ ወደ አብዶን ጠጋ አለች።

«አብዶን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ልጅቷን ለምን አልቀሰቀስካትም? አንተ እኮ ለእናትህም አትራራም። ምን አይተህ ነው የተውካት?»

አብዶን ወደ መድረኩ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማንም አትንገሪ» አለ። «እኔም ተኝቼ ነበር።»

ኦርፌሊና አፏን በሻርፗ ያዘች። ሳቁ ግን በአፍንጫዋ ወጣ። ፊት ያሉት ዞር ብለው አዩዋት፤ የተቀጣች ሴት ስትስቅ! እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ እንባው ከመጣ በኋላም ሳቁ አላባራም። እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ነቅታ ጠብቃ ያላገኘችውን፣ እግዚአብሔር በአንድ የተኛ በረኛ ሠርቶታል። ይህ ያናድዳት ነበር ድሮ ቢሆን። ያን ቀን ግን ከትከሻዋ ላይ አንድ ነገር የወረደላት መሰላት።

በስድስተኛው እሁድ ዝናቡ ከማለዳ አላባራም። ምድጃው ይንቀለቀላል፣ ስብከቱ ይረዝማል። ኦርፌሊና ዓይኗን ለአንድ አፍታ ልክደን አለች።

ስትነቃ መብራቱ ግማሹ ጠፍቷል፣ አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ራሷን ያገኘችው ካፖርት ለብሳ ነው። የሷ አይደለም። ሰማያዊ ነው፣ እጅጌው እርጥብ ነው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

«መጥታ ነበር» አለ አብዶን፣ አመዱን እየጠረገ።

«ማን?»

«ማን ትሆናለች፣ አፍንጫ የለሽም? ስብከቱ መሃል ላይ ገባች፣ አጠገብሽ ቁጭ አለች። ልቀሰቅስሽ ስል እጄን ያዘችኝ። ‹ይተዉዋቸው፣ ይተኙ› አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ተውኩሽ።»

«ምን አለች? ትመለሳለች?»

«አላለችም።»

«ኮንሴፕሲዮን ልትሄድ ነው?»

«አልጠየቅኋትም። ስብከቱን እስከ መጨረሻው ሰማች፣ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብላ ወጣች።»

«በዚህ ዝናብ? ያለ ካፖርት?»

«ብያታለሁ። ‹ተኝተዋል እኮ› አለችኝ። አሁን ነው የወጣችው፤ ማቆሚያው ጋ ትሆናለች። ብትሮጪ ትደርሺባታለሽ።»

ኦርፌሊና አግዳሚውን ይዛ ብድግ አለች። በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ከውጭ የአውቶቡሱ ሞተር ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ተሰማ፣ ቆመ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። አውቶቡሱ ተነሳና ሄደ።

ኦርፌሊና መልሳ ተቀመጠች።

«አብዶን» አለችው፣ ካፖርቱን እስከ አገጯ እየሳበች፣ «እስቲ እንጨት ጨምርበት።»